ትንኟ ኬሚካሉን ለምን ተቋቋመች? በደብረ ታቦር ደጋ የነፍሳት ህዋስ አርብቶ ተቆጣጣሪ ዲኤንኤን የመፈተሻ መመሪያ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጣና ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል። ወባ የሚመላለሰው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሳው ታላቅ ወረርሽኝ በአብዛኛው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር አጥቅቶ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የምንከላከልባቸው ሁለቱ ዋና መሣሪያዎች፣ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት፣ የሚረዱን ትንኟ በኬሚካሉ እስከሞተች ድረስ ነው። ይህ መመሪያ ትንኟ የማትሞትበትን ምክንያት መርምሮ ማወቅ ለሚፈልግ፣ በደቡብ ጎንደር ለሚሠራ የባዮሎጂ መምህር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም ተመራቂ ተማሪ የተጻፈ ነው። የሚሟገትለት ሐሳብም ይህ ነው፦ የጂን ተቆጣጣሪ ክፍሎችን በነፍሳት ህዋስ መፈተሽ የሩቅ አገር ሥራ ብቻ አይደለም፤ ለደጋው አየር፣ ለሚቆራረጠው መብራትና ለአካባቢው ጥያቄ ከሌሎች የህዋስ ሥራዎች ሁሉ ይልቅ የሚስማማ መነሻ ነው።

ጥያቄው ከየት እንደሚነሳ አስቀድመው ይያዙ። ትንኝ ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን የአጎበር ኬሚካሎች በዋናነት በሁለት መንገድ ትቋቋማለች። አንደኛው ኬሚካሉ የሚያርፍበት የነርቭ ፕሮቲን ሲለወጥ ነው፤ ኬዲአር የሚባለው ይህ ለውጥ በኢትዮጵያ አኖፌሊስ አራቢየንሲስ ላይ በስፋት የታወቀ ነው፣ በቀላል ፒሲአርም ይገኛል። ሁለተኛው ኬሚካሉን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች፣ በተለይ ፒ450 የሚባሉት፣ ሲበዙ ነው። በዚህኛው መንገድ የኢንዛይሙ ጂን አንድም ፊደል ሳይለወጥበት ሊቆይ ይችላል። የሚለወጠው ከጂኑ አጠገብ ሆኖ መቼና ምን ያህል እንዲመረት የሚያዘው የዲኤንኤ ክፍል ነው፤ ፋኖሱ ያው ነው፣ ክሩን ከፍ ያደረገው መዘውር ነው። ጂኑን ብቻ የሚያነብ ምርመራ ይህን ለውጥ አያየውም። ፊደሉን ማንበብም ብቻውን አይበቃም፤ በሁለት ትንኞች መካከል ከሚታዩት በርካታ የፊደል ልዩነቶች ምርቱን ከፍ ያደረገው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቁራጩን ሕያው ህዋስ ውስጥ አስገብቶ ማሠራት ነው።

ይህ ባዶ ተስፋ እንዳልሆነ የሚያሳይ የአፍሪካ ሥራ አለ። በካሜሩናዊው ተመራማሪ ቻርልስ ዎንጂ የሚመራው ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 ባወጣቸው ጥናቶች፣ በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኘው አኖፌሊስ ፈኔስተስ ሲዋይፒ6ፒ9ኤ እና ሲዋይፒ6ፒ9ቢ የተባሉትን ሁለት ፒ450 ጂኖች ለምን አብዝቶ እንደሚያመርት መረመረ። በጂኖቹ መካከል 6,500 ፊደል ያህል ርዝመት ያለው ዲኤንኤ ገብቶ ተገኘ። ቁራጩ በትንኝ ህዋስ ውስጥ ሲፈተሽ ምርትን ከፍ አደረገ። ከዚያ የተገኘው ጥቅም ከህዋስ ማሳደጊያ ሳህኑ ወጥቶ መስክ ደረሰ፤ ለውጡን የሚለይ ቀላል ፒሲአር ተዘጋጀ፣ በሙከራ ጎጆዎችም ለውጡን የተሸከሙት ትንኞች ከአጎበሩ ጋር ተገናኝተው የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ታየ። በደቡብ ጎንደር ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አራቢየንሲስ ስለሆነች ያንን ግኝት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። መንገዱን ግን መከተል ይቻላል።

ሥራው ከላቦራቶሪ በፊት ረግረግ ላይ ይጀምራል። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ቆላማ ቀበሌዎች ከሩዝ ማሳ ዳር፣ ከከብት ኮቴ ውኃና ጭቃ ከተቆፈረባቸው ጉድጓዶች እጮችን ይልቀሙና እስኪበሩ ያሳድጉ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ዕድሜ ያላቸውን ሴቶች በዓለም ጤና ድርጅት የቱቦ ሙከራ ይፈትኑ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱት ከ90 በመቶ በታች ከሆኑ ተቋቋሚነቱ ተረጋግጧል ማለት ነው። ቀጥለው ያንኑ ሙከራ የፒ450 ማዳከሚያ የሆነውን ፒቢኦ አስቀድመው አስነክተው ይድገሙት። ሞቱ ጉልህ ከፍ ካለ ፒ450 እጁ አለበት፤ ምንም ካልተለወጠ ይህ መመሪያ ለሚያዘጋጅዎ ጥያቄ መነሻ የለዎትምና ወደ ኬዲአር ይመለሱ። ዲኤንኤ የሚወሰድባቸውን ትንኞች በሲሊካ ጄል ማድረቅ ይበቃል፤ ማቀዝቀዣ አይሻም። አርኤንኤ የሚወሰድባቸው ግን ኬሚካል ያልነካቸው ሆነው በሕይወት ሳሉ በመጠበቂያ ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለባቸው። ለማነጻጸሪያ ተጋላጭ የሆነ ዘር ያስፈልጋል፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰኮሩ የሚረባው አራቢየንሲስ በኢትዮጵያ ጥናቶች ለዚህ ሲያገለግል ኖሯል። በሁለቱ መካከል የትኛው ፒ450 እንደበዛ በአርኤንኤ ልኬት ሲለዩ የምርመራዎ ጂን ታወቀ።

አሁን ወደ ክፍልዎ ይመለሱ። የአጥቢ እንስሳ ህዋስ 37 ዲግሪ ሙቀትና አምስት በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ጋዙ ከተቋረጠ የፈሳሹ አሲድነት ወዲያው ይዛባል። የነፍሳት ህዋስ ግን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያድጋል፣ ማሳደጊያ ፈሳሹም አሲድነቱን በፎስፌት ስለሚጠብቅ ጋዝ አያስፈልገውም። ሲሊንደር ከአዲስ አበባ ማስጫን ለሚቸገር፣ መንገድ ሲዘጋም ለሚጠብቅ ተቋም ይህ ልዩነት ሥራውን ማስቀጠልና ማቋረጥ ማለት ነው። ሌላም ጥቅም አለ። በቆላ ከተሞች 27 ዲግሪ መጠበቅ የሚያቀዘቅዝ ኢንኩቤተር ይጠይቃል፤ በደብረ ታቦር ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በታች ስለሚሆን የሚያሞቅ ብቻ የሆነ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት የታሸገ ሣጥን ይበቃል። መብራት ቢጠፋም ህዋሶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ መራባታቸው ይዘገያል እንጂ በአንድ ሌሊት ብርድ አያልቁም። ያም ሆኖ በማሞቂያው ላይ ሙሉ እምነት አይጣሉ፤ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በሣጥኑ ውስጥ ያኑሩ፣ በየጠዋቱም ያንብቡት። ብርድ ያዘገያል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ግን ህዋሱን ያስጨንቃል፣ ውጤትዎንም ያበላሻል።

በከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ማምከን ነው፣ ስለዚህ እዚህ ቆም ይበሉ። በ2,700 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ገደማ ነው፤ ውኃም 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የአውቶክሌቭ መመሪያዎች በአብዛኛው በግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ሆኗል ይላሉ። ይህ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። መለኪያው የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ በደብረ ታቦር በ15 ፒኤስአይ የእንፋሎቱ ሙቀት 116 ዲግሪ ግድም ብቻ ይሆናል፤ 121 ለመድረስ 19 ፒኤስአይ ያህል ይፈልጋል። የዕቃው የግፊት ገደብ ከፈቀደ እስከዚያ ያድርሱት። ካልፈቀደ በፍጹም አያስገድዱት፤ በምትኩ ጊዜውን ያርዝሙ። የማምከን ኃይል በየአሥር ዲግሪው አሥር እጥፍ ስለሚለዋወጥ፣ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚበቃው በ116 ዲግሪ 50 ደቂቃ ያህል ይጠይቃል። ሙቀትን ራሱን የሚለካ ዘመናዊ አውቶክሌቭ ካለዎት ይህ ስሌት አይመለከትዎትም። በሁለቱም ሁኔታ ግን በስፖር መፈተሻ ያረጋግጡ፤ የተለጠፈው ቴፕ ቀለም መቀየሩ መሞቁን እንጂ መምከኑን አያረጋግጥም። ህዋስ እያደገ ሳለ በድንገት ደፍርሶ የሚጠፋበት አንዱ ትልቅ ምክንያት በደንብ ያልመከነ ዕቃ ነው። ሴረምና የተዘጋጀ ማሳደጊያ ፈሳሽ በሙቀት አይመክኑም፤ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ያሳልፏቸው።

የህዋስ ዘር ሲመርጡ በጥያቄዎ ይመሩ። ኤስ2 የተባለው ከፍሬ ዝንብ ሽል የተገኘ ነው፤ ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1972 አስተዋወቁት። ጠንካራና ርካሽ ስለሆነ እጅ ለማፍታት ከእሱ የሚሻል የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በቪየና የአሌክሳንደር ስታርክ ቡድን የፍሬ ዝንብን ጂኖም በሙሉ እየቆራረጠ ኢንሃንሰሮችን፣ ማለትም የጂን ምርትን ከፍ የሚያደርጉ የዲኤንኤ ክፍሎችን፣ በአንድ ጊዜ የለካውም በዚሁ ነው። ለትንኝ ጥያቄ ግን መደምደሚያዎን በአኖፌሊስ ህዋስ ማረጋገጥ ይገባል፤ ሱዋ 4.0 እና 4ኤ-3ቢ ከአኖፌሊስ ጋምቢዬ፣ ኤምኤስኪው43 ደግሞ ከአኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተገኙ ናቸው። ስቴፈንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ከተገኘች ወዲህ በአማራ ክልል ባቲ ላይ ጭምር ስለታየች የእሷ ህዋስ ለነገው ሥራ ይጠቅማል። በቆሎ ላይ ለሚሠሩም መንገድ አለ፦ ኤስኤፍ9 የተባለው በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ህዋስ የተወሰደው ከአሜሪካ መጤ ተምች ሙሽሬ እንቁልጢ ነው። ተምቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ የአርሶ አደሩን በቆሎ የሚበላው ያው ዝርያ ነውና፣ የእሱን ተቆጣጣሪ ዲኤንኤ በራሱ ህዋስ መፈተሽ ይቻላል። ህዋሱን የዘር ምንጩን ከሚያረጋግጥ ክምችት ብቻ ይውሰዱ። የነፍሳት ህዋስ በደረቅ በረዶ ሳይሆን በሕይወት እያለ፣ በፍላስክ በክፍል ሙቀት ሊላክ መቻሉ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። መጠባበቂያውን በፈሳሽ ናይትሮጂን ያስቀምጡ፤ ከብት የሚያዳቅሉ ቴክኒሻኖች አባላዘር የሚይዙበት ዕቃና አቅርቦት ለዚህም ያገለግላልና ከእንስሳት ሀብት ባለሙያዎች ጋር ይነጋገሩ።

ማሳደጉ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ለኤስ2 የሽናይደር ፈሳሽ፣ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀ አሥር በመቶ ሴረምና አንቲባዮቲክ ይበቃሉ። ህዋሶቹ ስስ ሆነው ከተዘሩ ይሞታሉ፤ በሚሊ ሊትር ከአምስት መቶ ሺህ በታች አያሳንሷቸው፣ በየሦስትና አራት ቀኑም ይከፋፍሏቸው። በፒፔት ማጠብ ስለሚያላቅቃቸው ትሪፕሲን አያሻም። የተከፋፈሉበትን ቁጥር በመዝገብ ይያዙ፤ ከ30 ሲያልፍ አዲስ ጠርሙስ ያውጡ። ፈሳሹን በፍላስኩ ውስጥ ስስ አድርገው ያቆዩት፤ በዚህ ከፍታ ኦክስጅኑም አነስ ያለ ነው። ብዙዎቹ የነፍሳት ህዋሶች ሳይሞቱ ቫይረስ ተሸክመው እንደሚኖሩም አይርሱ፤ በኤስኤፍ9 ውስጥ ተደብቆ የነበረ ራብዶቫይረስ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሁለት የህዋስ ዘር በአንድ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይክፈቱ።

ቀጥሎ ፕላዝሚዱ ይሠራል። ከጂኑ መነሻ በላይ ያለውን አንድ ሺህ ፊደል ያህል ከተቋቋሚዋም ከተጋላጯም ትንኝ በፒሲአር ያውጡና፣ እያንዳንዱን ከሉሲፈሬዝ ጂን ፊት ያስገቡ። ቁራጩ ካዘዘ ህዋሱ ሉሲፈሬዝ ያመርታል፣ ብርሃኑም ይለካል። ከዚሁ ጋር ሬኒላ የተባለውን ሁለተኛ ብርሃን ሰጪ የያዘ ፕላዝሚድ አብሮ ይገባል፤ ምን ያህል ህዋስ ፕላዝሚድ እንደተቀበለ የሚናገረው እሱ ነውና የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ በገበያ የሚገኙት የሬኒላ ፕላዝሚዶች በአብዛኛው ሲኤምቪን የመሰለ ለአጥቢ ህዋስ የተዘጋጀ ፕሮሞተር የያዙ ናቸው፤ በነፍሳት ህዋስ ውስጥ ደካማ ናቸው። የአክቲን 5ሲ ወይም የፖሊዩቢኩቲን ፕሮሞተር ያለውን ይምረጡ። ባዶውን ፕላዝሚድና ጠንካራነቱ የታወቀ አንድ ፕሮሞተር በእያንዳንዱ ሙከራ ውስጥ ይጨምሩ። ባዶው ዝም ካላለ ወይም ጠንካራው ካልበራ፣ የዚያ ቀን ውጤት ምንም ቢያምር ይጣል።

ፕላዝሚዱን ወደ ህዋስ ለማስገባት በኤስ2 ላይ ርካሹ የካልሲየም ፎስፌት ዘዴ ይሠራል፤ የትንኝ ህዋስ ግን በአብዛኛው በቅባት የሚሠራውን ሪኤጀንት ይፈልጋል። ከአንድ ቀን በፊት ይዝሩ፣ ያስገቡ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ አፍርሰው ይለኩ። የብርሃን መለኪያ ከሌለ በሉሲፈሬዝ ፋንታ ቤታ ጋላክቶሲዴዝን ይጠቀሙ፤ ቢጫ ቀለሙን ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ያነበዋል። የመለየት አቅሙ ያንሳል፣ ጥያቄውን ግን ይመልሳል። በአንድ ቀን የተሞሉ ሦስት የሳህን ጉድጓዶች ሦስት ማስረጃ አይደሉም፤ አንድ ናቸው። በተለያየ ቀን፣ ተለይቶ በተዘጋጀ ፕላዝሚድ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይድገሙ፣ ስታቲስቲክሱንም በእነዚህ ላይ ይሥሩ። የተቋቋሚዋ ቁራጭ ከበለጠ ሥራው ገና ተጀመረ፤ ልዩነቶቹን አንድ በአንድ እየለዋወጡ የትኛው ፊደል ኃይሉን እንደሚሰጥና እንደሚነሳ ይለዩ።

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሱት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው፣ ህዋስ ትንኝ አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው። የአኖፌሊስ ህዋሶች የደም ህዋስ ጠባይ ያላቸው ሲሆኑ ኬሚካል የሚፈርሰው ግን በአንጀት፣ በስብ አካልና በማልፒጊ ቱቦዎች ነው፤ እዚያ ያለው አዛዥ ፕሮቲን በሳህኑ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ፕላዝሚድም በክሮሞሶም ላይ እንደተጠቀለለው ዲኤንኤ አይደለም። ስለዚህ ይህ ዘዴ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ጠንካራ ነው፦ ልዩነት ካሳየ ቁራጩ ማዘዝ እንደሚችል ያረጋግጣል፤ ልዩነት ካላሳየ ግን ቁራጩ ንጹሕ ነው አያሰኝም። ለውጡ ራቅ ባለ ኢንሃንሰር፣ በሌላ አዛዥ ጂን ወይም በጂኑ መባዛት ሊሆን ይችላል። ይህ ድክመት ዘዴውን የሚያስጥል ሳይሆን የንባቡን ወሰን የሚያስቀምጥ ነው፤ የዎንጂ ቡድንም በሳህኑ አላበቃም፣ ወደ ጎጆው ወጣ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስባል፦ አጎበር በሚጎድልበት ወረዳ ለሳህን ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይደለም ወይ? መልሱ የሚገኘው አጎበሩ ራሱ ላይ ነው። ዛሬ የሚመረጡት አጎበሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ፒቢኦ ያለበት አጎበር ፒ450ን ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው ክሎርፌናፒር ያለበት አጎበር ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ክሎርፌናፒር መርዝ የሚሆነው በፒ450 ከተለወጠ በኋላ ነው። አንዷን ትንኝ ከፓይሬትሮይድ ያዳናት ኢንዛይም ለሌላው ኬሚካል ሊያጋልጣት ይችላል ማለት ነው። በፎገራ ያለችው ትንኝ የትኛውን ፒ450 በምን ትእዛዝ እንደምታበዛ ማወቅ ለሚገዛው አጎበር ምርጫ የሚያገለግል እውቀት ነው፤ የሳህኑ ወጪ ያለ ዕውቀት ከሚታደል አጎበር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ናሙናውን ወደ ውጭ ልኮ ማስመርመር ይቀላል የሚሉም አሉ። ለአንድ ጊዜ ይቀላል። ተቋቋሚነት ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ዲዲቲ ለአሥርተ ዓመታት ከተረጨ በኋላ ተትቶ በሌላ እንደተተካው ሁሉ የነገው ኬሚካልም ይለወጣል፣ ጥያቄውን ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው እዚሁ ያስፈልጋል።

ከመጀመርዎ በፊት የተቋምዎን የባዮሴፍቲ ኮሚቴ ያነጋግሩ። ባዕድ ጂን የተሸከመ ህዋስ በዝግ ክፍል የሚያዝ ቢሆንም የባዮሴፍቲ አዋጅ ቁጥር 655ና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 896 የሚመለከቱት ጉዳይ ነው፤ ህዋስ ለማስገባትም ፈቃድ ይጠየቃል፣ ጊዜ ይወስዳል። ፈቃዱን እየጠበቁ አውቶክሌቩን ይፈትሹ፣ ሣጥኑን ያስተካክሉ፣ ሲሊካ ጄሉን ያዘጋጁ። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ለናሙና ወደ ፎገራ የሚወርዱት ክረምቱ እንደወጣ ነው።